ልጅ ያላየውን ሥራ አይመርጥም፦ ተማሪዎችን ከሳይንስ ሙያዎች ጋር እንዴት እናስተዋውቅ?

በኮምቦልቻ ከተማ ባዮሎጂና አጠቃላይ ሳይንስ ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ለብዙ ዓመታት መስከረም በገባ ቁጥር ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ አቀርብ ነበር፦ «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ከደብተራቸው ቁራጭ ወረቀት ቀድደው ይጽፋሉ፣ እኔም ሰብስቤ አነባለሁ። መልሱን ግን ወረቀቱን ሳልገልጥ አውቀዋለሁ። ከክፍሉ ግማሽ የሚበልጠው «ዶክተር» ይላል። ከቀሪው አብዛኛው «ኢንጂነር»፣ ሁለት ሦስት ልጆች ደግሞ «ፓይለት» ይላሉ። ዶክተር ያሉትን አስነሥቼ «ዶክተር ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠራ ይውላል?» ስላቸው «መርፌ ይወጋል» ብለው ይቀመጣሉ። መርፌ የሚወጋው በአብዛኛው ነርስ መሆኑን እንኳ አያውቁም። ሊሆኑት የሚመኙትን ሥራ አንድም ቀን ቀርበው አላዩትም።

አንድ ዓመት ጥያቄውን ቀየርኩት። «ባለፈው አንድ ወር ውስጥ አንድን ነገር ሲለካ፣ ሲመረምር ወይም ሲፈትሽ በዓይናችሁ ያያችሁት ሰው ማን ነው?» አልኳቸው። ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ጸጥ አለ። በኋላ ከመጨረሻው መደዳ አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። ላማቸው ታማ አባቷ የእንስሳት ሐኪም አምጥተው ነበር። «ከላሚቱ ጆሮ ጫፍ ጠብታ ደም ወስዶ በቀጭን ብርጭቆ ላይ አኖረው። ከዚያ በሌላ ብርጭቆ ጠርዝ ገፋ አድርጎ በስሱ ቀባው። እስኪደርቅም እንዲህ እንዲህ እያደረገ አራገበው» አለች፤ በሁለት ጣቷ የሌለ ብርጭቆ ይዛ እያወዛወዘች። ወዲያው ጥያቄው ከየአቅጣጫው መጣ። ደሙን ወዴት ወሰደው? በምን ያየዋል? ትሉ በደም ውስጥ ይታያል ወይ? ላሚቱስ ዳነች? በዚያ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ከእኔ አፍ ያልሰሙትን ያህል ስለ ሙያ ከዚያች ልጅ ሁለት ጣቶች ተማሩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሠራሁበትን መንገድ እንዲህ ላካፍላችሁ። ለመምህራን ብቻ አልጽፍም። ልጅ ያለው ወላጅ፣ በክረምት የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ የሚያስጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሊሠራበት ይችላል። ገንዘብ እምብዛም አያስፈልገውም፤ እግርና ትዕግሥት ግን ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ ከተማችሁን ዙሩ

ቅዳሜ ጠዋት ደብተርና እስክርቢቶ ይዛችሁ በእግር ውጡ። ልጆቹን ገና አትውሰዱ፤ መጀመሪያ ብቻችሁን ሂዱ። ሳይንስ የሚሠራበትን በር ሁሉ መዝግቡ። እኔ ኮምቦልቻን እንዲህ ስዞር ሃያ ዓመት የኖርኩበትን ከተማ እንደ አዲስ አየሁት። የሜትሮሎጂ ጣቢያ አለን፤ ግቢው ውስጥ ነጩ ባለ ፍርግርግ ሣጥን ቆሞ ይታያል። የአካባቢው ሁሉ የእንስሳት ናሙና የሚመረመርበት የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለን። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም እየመዘኑ የሚያዋሕዱ፣ በብረታ ብረት ፋብሪካ የብረቱን ጥንካሬ የሚፈትሹ፣ በጤና ጣቢያ አክታና ደም የሚመረምሩ፣ በመንገድ ሥራ የአፈር ናሙና የሚያደርቁና የሚመዝኑ ሰዎች አሉ። ልጆቼ ጠዋትና ማታ በነዚህ በሮች ፊት እያለፉ ነው «ዶክተር፣ ኢንጂነር» የሚሉት።

ገጠር ቀበሌ ያላችሁ «እኛ ጋ ምን አለ?» እንዳትሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክትባት ማቀዝቀዣዋን ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ እያየች ትመዘግባለች። የግብርና ባለሙያው የዘር ብቅለት ይፈትሻል። የእንስሳት ክሊኒኩ፣ የስልክ ማማውን የሚጠግነው ቴክኒሻን፣ የፀሐይ ኃይል የሚተክለው ወጣት አሉ። ለመጀመር አምስት በር ይበቃል።

ስትመዘግቡ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ የማዕረግ ስም አትጻፉ፣ የሚሠሩትን ጻፉ። «ኬሚስት» ብላችሁ ብትጽፉ ለልጅ ምንም ምስል አይሰጠውም። «ከቧንቧ ውሃ ቀድቶ ክሎሪኑን ይለካል» ካላችሁ ግን ልጁ ቀድሞውኑ ቧንቧው አጠገብ ቆሟል።

ይህን የተማርኩት ከአንድ የውሃ ጥራት ባለሙያ ነው። በትምህርት ቤታችን ቧንቧ ላይ ሲሠራ አግኝቼው ልጆቹን ጠራሁ። ከጣት የማይበልጥ የመስታወት ቱቦ በውሃ ሞላ፣ ትንሽ ክኒን ጣል አደረገበት፣ ክዳኑን ዘግቶ ወዘወዘው። ጥርት ያለው ውሃ ቀስ እያለ ሮዝ ሆነ። ቱቦውን በቀለም መደብ ካለው ካርድ አጠገብ አቆመና «ደመቅ ካለ ክሎሪኑ በዝቷል፤ ጭራሽ ካልቀላ ደግሞ ውሃው በመንገድ ላይ ጀርም ቢገባበት የሚጠብቀው የለም ማለት ነው» አላቸው። አንድ ልጅ «ስንት ዓመት ተማርክ?» ብሎ ጠየቀው። ባለሙያው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኩል እንዳለፈ፣ ሥራ ከያዘ በኋላም በማታ ዲግሪውን እንደጨረሰ ነገራቸው። ልጆቹ ያንን መንገድ ከዚያ በፊት እንደ መንገድ አይቆጥሩትም ነበር።

እንግዳ ስትጋብዙ

እንግዳ መጋበዝ ቀላል ይመስላል፤ በደንብ ካልታሰበበት ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። አንድ ጊዜ ከአንድ ተቋም ትልቅ ኃላፊ ጋበዝኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከወረቀት አነበቡ፤ የተቋማቸውን ራእይና ተልእኮ፣ የተሸለሙትን፣ የተጓዙባቸውን አገሮች ዘረዘሩ። በመጨረሻ «ጎበዝ ከሆናችሁ እዚህ ትደርሳላችሁ» አሉ። የፊተኛው መደዳ አጨበጨበ፣ የኋለኛው ተኝቶ ነበር። በማግሥቱ አንድ ልጅ «መምህርት፣ እኔ ሰነፍ ስለሆንኩ ሳይንስ ለእኔ አይሆንም አይደል?» አለኝ። ጥፋቱ የእንግዳው አልነበረም። ምን እንደምፈልግ አስቀድሜ አልነገርኳቸውም፤ ከማን ፊት እንደሚቆሙም አላስረዳኋቸውም። የልጁ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ከመጋበዜ በፊት በአንድ ገጽ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ንግግሩ ከ20 ደቂቃ እንዳይበልጥ እለምናለሁ፤ የተረፈው ጊዜ የልጆቹ ጥያቄ ነው። በእጅ የሚያዝ የሥራ መሣሪያ እንዲያመጡ እጠይቃለሁ። ከሁሉም በላይ «የትናንትናውን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይንገሩልን» እላለሁ። ሰው ስለ ሙያው በጠቅላላው ሲናገር ይሰብካል፣ ስለ ትናንትና ሲናገር ግን ያያል፣ ያሳያልም። በሥራቸው የተበላሸባቸውን አንድ ነገርና እንዴት እንዳረሙት ቢጨምሩ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ማንን ትጋብዙ? ሹሙን ተዉትና ሥራ ከጀመረ ሦስት አራት ዓመት የሆነውን ወጣት ፈልጉ። በዚያው ትምህርት ቤት የተማረ ከሆነ፣ ያው ወንበር ላይ የተቀመጠ ከሆነ፣ እሱን የሚያህል የለም። ከእንግዶቻችሁ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። ይህን የምለው ሴቶቹ ልጆች ብቻ እንዲያዩአቸው አይደለም፤ ወንዶቹም ከሴት ባለሙያ መማርን ይልመዱት።

ተማሪዎቹም መዘጋጀት አለባቸው። ከመምጣቱ ሁለት ቀን በፊት ጥያቄ አስጽፋለሁ፤ «ጎበዝ ለመሆን ምን እናድርግ?» የሚለውን ግን እከለክላለሁ። የሚመልሰው ሰው ምክር ከመስጠት በቀር መውጫ የለውም። «ከሥራሽ የሚሰለችሽ የቱ ነው?»፣ «ብትሳሳቺ ምን ይደርሳል?»፣ «ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ የሚያቅትሽ ትምህርት ምን ነበር?»፣ «ደመወዝሽ ቤት ኪራይ ከፍሎ ይተርፋል?» የሚሉትን እወዳለሁ። የደመወዝ ጥያቄ ነውር አይደለም። ልጆቹ ቤታቸው ሲገቡ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው እሱን ነው።

አንዲት የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ የመጣችበትን ቀን አልረሳውም። በወይን ጠጅ ቀለም የተነከረ የደም ናሙና ይዛ መጣች። በትምህርት ቤታችን ባለው አንድ ማይክሮስኮፕ ላይ አስተካክላ ልጆቹን በተራ አሰለፈች። በአንዳንዱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ የወባ ተውሳክ እንደ ትንሽ ቀለበት፣ ጫፏ ላይ ፈርጥ እንዳለባት ቀለበት ሆና ትታያለች። ለማየት አንዱ ለአንዱ ይገፋፋ ነበር። ያ ጥያቄ ሲቀርብላት፣ «ብትሳሳቺ ምን ይደርሳል?» ሲሏት፣ ትንሽ ዝም ብላ «ደክሞኝ ቸኩዬ ‹የለም› ብዬ ብጽፍ በሽተኛው ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሳልጨርስ ዓይኔን አላነሳም» አለች። ከዚያ በፊት የላቦራቶሪ ሥራን «ሐኪም መሆን ያልቻለ ሰው ሥራ» የሚሉ ልጆች ነበሩኝ። ከዚያ በኋላ ይህን አባባል በክፍሌ አልሰማሁትም።

ሥራውን በእጃቸው ስጧቸው

ጉብኝትና እንግዳ ዓይን ይከፍታል። ሙያን ሙያ የሚያደርገው ግን ድግግሞሹ ነው፤ ያንን የሚያስተምረው በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። እኔ የመረጥኩት የዝናብ ልኬትን ነው። ሁሉም ቤት ዝናብን ያውቃል፤ በወሎ ደግሞ በልግና ክረምት የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። የሁለት ሊትር የውሃ ላስቲክ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ፈልጉ። አንገቱ መጥበብ ከሚጀምርበት በታች በመቀስ ቁረጡት። የተቆረጠውን አናት ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ ከላይ ክተቱት፤ ውሃው በፀሐይ እንዳይተን ይረዳል። የላስቲኩ ቂጥ ወጣ ገባ ስለሆነ ትናንሽ ጠጠር ጨምሩበትና ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ሙሉት። እዚያ ላይ በእስክርቢቶ መስመር አስምሩ፤ ዜሮ እሱ ነው። ከዜሮው ጀምራችሁ ማስመሪያ በጎኑ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ጠጠሩ ነፋስ እንዳይጥለውም ይጠቅማል። ከቤትና ከዛፍ አርቃችሁ አኑሩት፤ ርቀቱ ከዛፉ ወይም ከቤቱ ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሁን። ዘወትር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አንብቡ፣ መዝግቡ፣ የተረፈውን ውሃ እስከ ዜሮው መስመር ድረስ ድፉ።

ልጆቹን ወደ ሜትሮሎጂ ጣቢያው ስወስዳቸው የራሳቸውን መዝገብ ይዘው ነበር። የጣቢያው የአየር ሁኔታ ተመልካች ገጾቹን እያገላበጠ አየና አንድ ባዶ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «እዚህ ጋ ምንድን ነው?» አለ። ተረኛው ልጅ «ዝናብ አልዘነበም» አለ። «ካልዘነበ ዜሮ ጻፍ። ባዶ ከተውከው ‹አላየሁም› ማለት ነው። ዜሮና አላየሁም አንድ አይደሉም፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይህን መዝገብ የሚያነበው ሰው ሊጠይቅህ አይችልም» አለው። ስለ ሳይንስ ምንነት ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ግን አላገኘሁም። ልጁ ፊቱ ቀልቶ «እሑድ ስለነበረ አልመጣሁም» አለና ባዶው ላይ «አልታየም» ብሎ ጻፈበት። ተመልካቹ ትከሻውን መታ አደረገው።

ሒሳቡን እዚሁ ላይ አስገቡት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስፋቱ 5 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 30 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሌሊት 12 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከዚያ ጣሪያ 360 ሊትር ወርዷል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብትሞሉበት 18 ጀሪካን። ውሃ ተሸክማ ትምህርት ቤት የምትመጣ ልጅ ይህን ስታሰላ ፊቷን እዩት። ከዚያ በኋላ «ይህን የሚያሰሉ፣ ማጠራቀሚያ የሚነድፉ ሰዎች አሉ፤ የውሃ መሐንዲስና የሃይድሮሎጂ ባለሙያ ይባላሉ፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በዚህና በሜትሮሎጂ ትምህርት ይታወቃል» ብትሏት የሙያው ስም የሚያርፍበት ቦታ አለው።

ታሪኩን ስትነግሩ መልሱ ላይ አትቸኩሉ

የአገራችንን ሳይንቲስቶች ታሪክ ንገሯቸው፤ ግን በሽልማቱ አትጀምሩ። ከችግሩ ጀምሩና መልሱ ጋ ሳትደርሱ ቁሙ።

እኔ ብዙ ጊዜ የምጀምረው በፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ሲያጠኑ ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዙ ነበሩ። እዚህ ላይ አቁሜ «እናንተ ብትሆኑ ቀጥላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» እላለሁ። መልሱ ይለያያል። አንዱ «ሴቶቹን እጠይቃለሁ» ይላል፤ ሌላው «ምናልባት የገደላቸው ልብሱ ላይ ያለው ቆሻሻ ይሆናል» ይላል። ይህኛውን ልጅ በጣም አመሰግነዋለሁ፤ ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ማሰብ የሳይንቲስት ጠባይ ነው። ትንሽ ካከራከርኳቸው በኋላ ቀሪውን እነግራቸዋለሁ፦ ፕሮፌሰሩ ሕያው ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ፤ ሞቱም። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ተውሳክ በቀንድ አውጣው ውስጥ ሳይራባ ሰው ላይ ሊደርስ ስለማይችል፣ ያ የልብስ ማጠቢያ ተክል የበሽታ መከላከያ ተስፋ ሆነ። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። እንዶድን አያቶቻቸው ግቢ ያዩት ልጆች አሉኝ። ሙከራውን ወንዝ ገብተው እንዳይደግሙት ግን አጥብቃችሁ አስጠንቅቁ፤ ቢልሃርዚያ በእኛም አካባቢ የሚገኝ በሽታ ነው፣ የሚተላለፈውም ውሃው ውስጥ በመግባት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ማሽላ የሚያርሱ ቤተሰቦችን ልጆች ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል። አቀንጭራ የተባለውን አረም ያውቁታል፤ አበባው ያማረ፣ ሥራው ግን የከፋ። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ሆኖ አፈር ውስጥ ዓመታት ይተኛል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያወጣው ኬሚካል ሲደርሰው ነው፤ ነቅቶም ሥሩ ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይመጥጣል። «እንግዲህ እንዴት እናሸንፈው?» ስላቸው «እንንቀለው» ይላሉ። ቤታቸው የሚደረገው እሱ ስለሆነ ነው። ግን ተነቅሎ ሲታይ ጉዳቱ ከመሬት በታች ቀድሞ ደርሷል። ወሎንኮሚ ተወልደው ያደጉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ከባልደረቦቻቸው ጋር የደረሱበት መንገድ ዘሩን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል እምብዛም የማያወጣ ማሽላ ማራባት ነበር፤ ጠላትን ሳይቀሰቅሱ ማለፍ። «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉት ዝርያዎች በአገራችን ተለቅቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። እኔ ለልጆቹ ደጋግሜ የምነግራቸው ግን ሌላውን ነው፦ ፕሮፌሰሩ ወደ ዓለማያ ኮሌጅ ከመግባታቸው በፊት የተማሩት በጅማ የእርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር።

ሴቶቹ ልጆች የራሳቸው ምሳሌ ያስፈልጋቸዋል። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ የሆኑትን፣ ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የመሩትንና እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሪያል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ያገኙትን ዶክተር ሰገነት ቀለሙን ንገሯቸው።

መንገዱን ሳትደብቁ አሳዩ

አንድ ሙያ ካማረከው በኋላ ልጁ «እንዴት ነው የሚደረስበት?» ይላል። እዚህ ላይ መዋሸትም ማስፈራራትም አይገባም። ሰሌዳው ላይ ቀጥተኛ መስመር አትሳሉ፤ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ሳሉ።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ ይማራሉ፤ ዘጠነኛ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይለያያሉ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገቡ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣሉ። ይህ ምርጫ ብዙ በር ይከፍታል፣ ይዘጋልም፤ ስለዚህ ወሬው አሥረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ሳይሆን ስምንተኛ ላይ መጀመር አለበት። ጓደኛ ስለመረጠው የሚመርጥ ልጅ በየዓመቱ አያለሁ።

ሒሳብ በሁለቱም በኩል አለ። «ሒሳብ ስለሚከብደኝ ማኅበራዊ እገባለሁ» የሚለውን ልጅ በቶሎ አትልቀቁት። ብዙ ጊዜ የጎደለው አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ የተዘለለ ክፍልፋይና መቶኛ ነው፤ ሦስት ወር ተቀምጦ ቢያርመው የሚስተካከል። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዲትን ልጅ «አንቺ ለሳይንስ አትሆኚም» ብያታለሁ። የከበዳት ሒሳቡ ነበር፤ እኔ ግን ልጅቷን አስወጣኋት። ይህን ቃል ለማንም ልጅ አትናገሩ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከባድ መሆኑን ንገሯቸው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት፣ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዘመን፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን የምናገረው ለማስደንገጥ ብዬ አይደለም። ለብቻው ከተሰማ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ከዛፉ ቅርንጫፎች ጋር ከተነገረ ግን ልጁ አንድ በር ላይ ብቻ እንዳይቆም ይረዳዋል። ዩኒቨርሲቲ የገባም በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች ወስዶ በውጤቱና በምርጫው ወደ ትምህርት ክፍል ይመደባል፤ በመጨረሻም የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። አዲስ አበባና አዳማ ያሉት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው።

ስለዚህ አንድ ሙያ አታስመርጡ፤ የሙያ ቤተሰብ አስመርጡ። እንስሳት የሚወድ ልጅ የእንስሳት ሐኪም፣ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ የሥጋ መርማሪ፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ፣ የንብ ባለሙያ መሆን ይችላል። አንዱ በር ቢዘጋ ጎረቤቱ አለ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለውን መሰላል በዚህ ዛፍ ላይ ከዩኒቨርሲቲው እኩል ደማቅ አድርጋችሁ ሳሉት። የመግቢያ መስፈርቱ ስለሚለዋወጥ በቃል አታስተምሩ፤ ከኮሌጁ መዝገብ ቤት የዓመቱን ማስታወቂያ አምጥታችሁ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ወላጅ ካላየ ልጅ ብቻውን አይችልም

በአካባቢያችን ስምንተኛ ክፍል ስትጨርስ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች ተብላ የምትጠበቅ ልጅ አለች። እናቷን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅስም። የጎረቤት ልጅ ሄዳ ቤት ስታሠራ በዓይኗ አይታለች። በሳይንስ ሙያ ቤት ያሠራ ሰው ግን አላየችም። እናትም እንደ ልጇ ናት፤ ያላየችውን አትመርጥም።

ባለፈው ዓመት ከአንዲት እንዲህ ካለች ልጅ እናት ጋር ቤታቸው ቡና ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ትምህርት ጥቅም አንድም ቃል አልተናገርኩም። ያቺን የላቦራቶሪ ባለሙያ ነገርኳት፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት ሰፈር እንዳደገች፣ ስንት ዓመት እንደተማረች፣ አሁን ታናናሾቿን እንደምታስተምር። እናትዬው ስኒዎቹን እያጠበች ሰማችኝ። ሁለተኛውን ቀዳችና «የሐሊማ ሠፈር ልጅ ናት? ያቺ ቀጭኗ?» አለች። «እሷው ናት» አልኳት። ልጅቷ በር አጠገብ ቆማ ትንፋሿን ውጣ ነበር። ሦስተኛው ቡና ሲደርስ እናት «እስቲ ምን እንደምትሠራ እኔም ልያት፤ ታስገባኛለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለዓርብ ጠዋት ተቀጣጠርን። ሁለት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው በር ስደርስ እናትና ልጅ ነጠላቸውን አጣፍተው ከእኔ ቀድመው ቆመው አገኘኋቸው።